አንድ ካርድ ለአንድ ሱቅ፦ የ«ፕራይቬሲ» ቨርቹዋል ካርድ ከሦስት ዓመት አጠቃቀም በኋላ

የዛሬ ሦስት ዓመት የፋሲካ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ወላጆቼ የበዓል በግ ቤታቸው ድረስ የሚያደርስ አንድ አነስተኛ የኦንላይን መደብር አገኘሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ከሥራ መልስ ተቀምጬ የክሬዲት ካርዴን ቁጥር፣ የማብቂያ ቀኑንና ከጀርባው ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ የደኅንነት ቁጥር ሞላሁ። በጉ በቀዳም ሥዑር ጠዋት ደረሰ፤ እናቴም ደውላ መረቀችኝ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ግን ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ ድርጅት የ1 ዶላር ክፍያ ስቴትመንቴ (ባንኩ የሚልክልኝ የክፍያ ዝርዝር) ላይ አየሁ። ስህተት ይሆናል፣ ራሱ ይስተካከላል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ሌሊት ከአንድ የስፖርት ጫማ መደብር 389 ዶላር፣ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ደግሞ 412 ዶላር ወጣ። የባንኩ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ የደረሰው ከሁለተኛው ክፍያ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ቁጥሬ የወጣው በግ ከገዛሁበት መደብር ነው ብዬ መናገር አልችልም። በዚያ ዓመት ያንኑ ካርድ የት የት እንደተጠቀምኩበት ስቴትመንቶቼን ዘርግቼ ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ ድረ ገጾች ላይ አገኘሁት፤ ከመካከላቸው ማን እንዳፈሰሰው ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረኝም። ባንኩ ገንዘቡን መልሶልኛል፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ይሁን እንጂ አሮጌው ካርድ ተሰርዞ አዲሱ በፖስታ እስኪደርስ፣ ከዚያም የመብራት፣ የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የቤተ ክርስቲያን ወርኃዊ መዋጮ ክፍያዎችን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ቁጥር እስካዛውር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ኢንሹራንሱማ ሊቋረጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደረስኩበት። ቨርቹዋል ካርድ የሚባለውን፣ ፕላስቲክ የሌለው ቁጥር ብቻ የሆነ ካርድ መፈለግ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም «ፕራይቬሲ» የተባለውን አገልግሎት ያለማቋረጥ ስጠቀም ቆይቻለሁ።

ስለ አገልግሎቱ ከመናገሬ በፊት ስርቆቱ እንዴት እንደሚፈጸም መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ አይገባውም። ብዙዎቻችን የምናስበው ሌባው የመደብሩን መዝገብ ሰብሮ ገብቶ የተቀመጡ ቁጥሮችን እንደሚዘርፍ ነው። ይህ በእርግጥ ይደርሳል፤ ነገር ግን የካርድ ኩባንያዎች ባወጡት የደኅንነት ደንብ መሠረት ማንኛውም ሻጭ ባለ ሦስት አሃዙን ቁጥር ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ማስቀመጥ ስለተከለከለ፣ ሌቦቹ ሌላ ዘዴ ዘይደዋል። በመክፈያው ገጽ ውስጥ ጥቂት መስመር ኮድ ሸሽገው ያስገቡና ገዢው እየጻፈ ሳለ እያንዳንዱን አሃዝ ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር ይገለብጡታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ከ400,000 በላይ ደንበኞች የተጎዱ ሲሆን፣ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2020 በአየር መንገዱ ላይ የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሏል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገጹ የእውነተኛው አየር መንገድ ገጽ መሆኑ፣ አድራሻው ትክክል መሆኑ፣ ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፏ ምልክትም በቦታዋ መኖሯ ነው። የቁልፏ ምልክት የምትነግረን በእኛ ስልክና በድረ ገጹ መካከል የሚሄደው መረጃ መመስጠሩን ብቻ ነው፤ ከወዲያ ያለው ሰው ታማኝ ይሁን አይሁን፣ ገጹ ተመርዞ ይሁን አይሁን ምንም አትናገርም። «የቁልፏን ምልክት እያያችሁ ግዙ» የሚለው የተለመደ ምክር እኔን ያላዳነኝም ለዚህ ነው፤ አሥራ ዘጠኙም መደብሮች ቁልፍ ነበራቸው።

የ1 ዶላሩም ነገር ስህተት አልነበረም። የተሰረቁ ቁጥሮች በብዛት ሲገዙና ሲሸጡ፣ የትኛው ካርድ ገና በሥራ ላይ እንዳለ ለመለየት ሌባው በትንሽ ገንዘብ ይሞክራል፤ ካለፈለት ትልቁን ያስከትላል። በተጨማሪም የካርድ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ ከፊተኞቹ በታወቀ የሒሳብ ቀመር የሚሰላ ስለሆነ፣ በኮምፒውተር ብዙ ቁጥሮችን እየፈጠሩ የሚሞክሩም አሉ። ስለዚህ ስቴትመንታችሁ ላይ የማታውቁት የ1 ዶላር ወይም የሳንቲም ክፍያ ብታዩ በዚያው ሰዓት ለባንካችሁ ደውሉ። እኔ ያን ቀን ደውዬ ቢሆን ኖሮ የጫማው ክፍያ ባልወጣ ነበር።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ፕራይቬሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ የተመሠረተ ነው፤ ኩባንያው ከ2021 ወዲህ ሊቲክ በሚል ስም ይጠራል፤ ለግለሰቦች የሚሰጠው አገልግሎት ግን በቀድሞ ስሙ ቀጥሏል። በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነና የአሜሪካ የባንክ ሂሳብ ላላቸው ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ አገር ቤትም ሆነ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን አይደርስም። ሥራው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የባንክ ሂሳባችሁን ታገናኙና ለእያንዳንዱ መደብር የተለየ ባለ 16 አሃዝ የካርድ ቁጥር፣ የራሱ ማብቂያ ቀንና የራሱ የደኅንነት ቁጥር ያለው፣ በስልካችሁ ላይ ትፈጥራላችሁ። ያ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍያ በተፈጸመበት ሻጭ ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማንም ሊያስከፍልበት ቢሞክር አይሠራም። ሻጩ የሚያየው እንደማንኛውም ካርድ ነው፤ እውነተኛውን የባንክ ቁጥራችሁን ግን ጨርሶ አያየውም።

ካርድ አወጣጡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ባለፈው ወር ለመኪናዬ የጎን መስታወት ከአንድ የመለዋወጫ መደብር አገኘሁ፤ ዋጋው 50 ዶላር ነበር። መተግበሪያውን ከፈትኩ፣ አዲስ ካርድ የሚለውን ነካሁ፣ ስም እንድሰጠው ሲጠይቀኝ «የመኪና መስታወት» ብዬ ሰየምኩት፣ የወጪ ገደቡንም 60 ዶላር አደረግኩት። ገደቡን 50 ያላደረግኩት በሜሪላንድ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ ስለሆነና ማጓጓዣም ስለሚጨመርበት ነው፤ በጀመርኩበት ሰሞን ገደቡን ልክ በዋጋው ላይ አሥሬ ክፍያው ሲመለስብኝ፣ ችግሩ ከመደብሩ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ደክሜያለሁ። ቁጥሩ ወዲያው ወጣ፤ ገልብጬ መክፈያው ገጽ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በኮምፒውተር ለሚገዙ ደግሞ በብራውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ ስላለ፣ የመክፈያ ገጹ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩን ራሱ ፈጥሮ ይሞላላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ የሚዘጋ ካርድም አለ፤ ገደቡንም በአንድ ክፍያ፣ በወር፣ በዓመት ወይም በጠቅላላ ማሠር ይቻላል። የካርዱ ባለቤት ስምና የመክፈያ አድራሻ የምትፈልጉትን ብትሞሉ ካርዱ ይቀበላል፤ ይህም የቤት አድራሻቸውን ለማያውቁት ሻጭ መስጠት ለማይፈልጉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ እቃው የሚላክበት አድራሻ ግን እውነተኛ መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም በእጄ የተጨበጠልኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነው። ከዚያ ስምንት ወራት ቀደም ብዬ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ለገዛሁበት አንድ መደብር ያወጣሁት ካርድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማላውቀው ድርጅት የ1 ዶላር ክፍያ ተሞክሮበት ውድቅ እንደተደረገ የሚገልጽ መልእክት ስልኬ ላይ አገኘሁ። ጠዋት ስነሳ አየሁት። ያው ሙከራ፣ ያው 1 ዶላር ነበር፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ በሩ መዘጋቱ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደወጣም ለማሰብ አልተቸገርኩም፤ ያ ካርድ በዓለም ላይ የታወቀው በአንድ ቦታ ብቻ ነበርና። ለመደብሩ ጽፌ አሳወቅኳቸው፣ ካርዱን በአንድ ንክኪ ዘጋሁት፣ ቁርሴንም በልቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። መብራቱም፣ ስልኩም፣ ኢንሹራንሱም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካርድ ስላላቸው አንዳቸውም አልተነኩም። ለዚህ አገልግሎት ያለኝን ግምት የወሰነው ያ ጠዋት ነው። ሌባን አስቀድሞ በመለየት ላይ የቆመ ጥንቃቄ አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም፤ የተሰረቀውን ቁጥር ዋጋ ቢስ የሚያደርግ ጥንቃቄ ግን ብንሳሳትም ይሠራል።

ሁለተኛው ጥቅሙ በነጻ ሙከራ ስም ለሚጀመሩ ወርኃዊ ክፍያዎች ነው። ሰባት ቀን በነጻ ሞክሩ ይሉና ካርድ እንድታስገቡ ያደርጋሉ፤ በስምንተኛው ቀን ሳታስታውሱ ገንዘቡ ይቆረጣል፤ ለማቆም ስትፈልጉ ደግሞ የመሰረዣው ገጽ አይገኝም። ገደቡ 1 ዶላር የሆነ ካርድ በመስጠት ይህን ማስቀረት ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ካርዱን መዝጋት ውሉን መሰረዝ አይደለም። ለአንድ ዓመት የገባችሁበትን የስፖርት ቤት አባልነት ካርዱን ዘግታችሁ ብትተዉት፣ ድርጅቱ እዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። በጽሑፍ ሰርዙ፣ ማረጋገጫውን አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ካርዱን ዝጉ።

ክፍያን በተመለከተ መሠረታዊው አገልግሎት ነጻ ሲሆን በወር እስከ 12 አዲስ ካርዶች ያስገኛል። ከዚህ በላይ ለሚፈልጉ በወር የሚከፈልባቸው እቅዶች አሉ፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ነጻው ከበቂ በላይ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 12ቱን የጨረስኩት አንድ ወር ብቻ ነው፤ እሱም ልጆቹ ትምህርት የሚጀምሩበት ወር ነበር። ኩባንያው በነጻ የሚሰጠው ከምን አግኝቶ ነው ለሚል ጠያቂ፣ በማንኛውም የካርድ ግዢ ላይ ሻጩ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ስላለ ገቢው በዋናነት ከዚያ ይመጣል።

ድካሙም መነገር አለበት። አንደኛ፣ አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች አንድን ትእዛዝ በሁለት ሦስት ጥቅል ከፍለው ሲልኩ የሚያስከፍሉትም ጥቅሉ በወጣ ቁጥር ስለሆነ፣ የአንድ ጊዜ ካርድ ከሰጣችኋቸው ሁለተኛው ጥቅል ይታገዳል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ በሻጩ ላይ የሚቆለፈውን ካርድ ስጡ። ሁለተኛ፣ ሆቴልና የኪራይ መኪና ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ የተከፈለበትን ካርድ አሳዩኝ ሲል በእጃችሁ የሚታይ ፕላስቲክ የላችሁም፤ ለመያዣ የሚያግደው ገንዘብም ከገደባችሁ ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛውና እኛን ይበልጥ የሚነካን የአውሮፕላን ትኬት ነው። በወኪል ድረ ገጽ ትኬት ስትቆርጡ ዋናውን ዋጋ አየር መንገዱ፣ የአገልግሎቱን ክፍያ ደግሞ ወኪሉ ለየብቻ የሚያስከፍሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ካርዱ በመጀመሪያው ላይ ስለሚቆለፍ ሁለተኛው ይመለሳል። አንዳንድ አየር መንገዶችም መግቢያው ላይ የተከፈለበትን ካርድ ማየት ይፈልጋሉ። እናቱን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ትኬቱን በእንዲህ ዓይነት ካርድ ቆርጦ፣ እሷ ቦሌ ላይ ቆማ ካርድ ብትጠየቅ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። ለትኬት እውነተኛውን ክሬዲት ካርዴን ነው የምጠቀመው፤ ያውም በቀጥታ ከአየር መንገዱ ገጽ ላይ።

ከሁሉ በላይ ግን ላተኩርበት የምፈልገው ድክመት ሌላ ነው፤ ይህን አገልግሎት የሚያሞግሱ ብዙዎች ሳያነሱት ያልፋሉ። ፕራይቬሲ ገንዘቡን እንደ ዴቢት ካርድ የሚስበው ከቼኪንግ ሂሳባችሁ፣ ማለትም ለዕለት ወጪ ከምትጠቀሙበት የባንክ ሂሳብ ነው። ክሬዲት ካርድ አይደለም። ይህ ልዩነት ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአሜሪካ ሕግ የሁለቱ ጥበቃ ይለያያል። በክሬዲት ካርድ ያለ ፈቃዳችሁ ለተፈጸመ ክፍያ ኃላፊነታችሁ በፌዴራል ሕግ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ቪዛና ማስተርካርድ ደግሞ በራሳቸው ደንብ ይህንኑ ወደ ዜሮ ያወርዱታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ከዚህም አልፎ፣ የከፈላችሁበት እቃ ሳይደርስ ቢቀር ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትከራከሩ መብት ይሰጣችኋል፤ ጉዳዩ እስኪጣራም የተከራከራችሁበትን ገንዘብ እንድትከፍሉ አትገደዱም። ገንዘቡ በቀጥታ ከሂሳባችሁ በሚወጣበት በዴቢት ካርድ ግን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሌላ ሕግ ነው። ካርዱ ጠፍቶባችሁ ወይም ተሰርቆባችሁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቃችሁ ኃላፊነታችሁ እስከ 50 ዶላር፣ ከዚያ ከዘገያችሁ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወጣው ደግሞ ገደቡ ጨርሶ ሊነሳ ይችላል። ካርዱ በእጃችሁ እያለ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ በ60 ቀናት ውስጥ እስካሳወቃችሁ ድረስ ኃላፊነት የለባችሁም፤ ቢሆንም ገንዘቡ ከሂሳባችሁ አስቀድሞ ወጥቷልና እስኪመለስ ድረስ የቤት ኪራይ ቼካችሁ ሊመለስ ይችላል። በክሬዲት ካርድ የተሰረቀው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ በዴቢት ካርድ ግን የእናንተው ነው።

ስለዚህ የእኔ አጠቃቀም እንዲህ ተከፍሏል። ዋጋው ትንሽ ለሆነ፣ ሻጩን ለማላውቀውና ወርኃዊ ለሆነ ነገር ፕራይቬሲን እጠቀማለሁ፤ ቢከፋ የምከስረው ገደቡ ላይ የጻፍኩትን ነው። ከ200 ዶላር በላይ ለሆነ እቃና ከመድረሱ በፊት ብዙ ሳምንታት ለሚቆይ ትእዛዝ ግን ከሕጉ ሙሉ ጥበቃ ላለመራቅ ክሬዲት ካርድ እመርጣለሁ። እንደ ካፒታል ዋን እና ሲቲ ያሉ ባንኮች ለክሬዲት ካርድ ደንበኞቻቸው ራሳቸው ቨርቹዋል ቁጥር ይሰጣሉ፤ ይህ ሁለቱንም ጥቅም ያጣምራል፤ ቁጥሩ የተለየ፣ ገንዘቡ ደግሞ የክሬዲት ነው። ባንካችሁ ይህን የሚሰጥ ከሆነ ፕራይቬሲን ከመክፈታችሁ በፊት እሱን ፈልጉ። የመክፈያ ገጹ አፕል ፔይ ወይም ጉግል ፔይ የሚል ምርጫ ካቀረበላችሁም እሱን ተጫኑ፤ በዚያ መንገድ ስትከፍሉ ለሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በካርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ሳይሆን ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ምትክ ቁጥር ስለሆነ፣ ገጹ ላይ የተሸሸገ ኮድ ቢኖር እንኳ የምትጽፉት አሃዝ ስለሌለ የሚገለብጠው አያገኝም። ችግሩ ትንንሾቹ መደብሮች፣ በተለይም ወደ አገር ቤት ስጦታና የስልክ ካርድ የሚልኩት፣ ይህን ምርጫ ገና ያላስገቡ መሆናቸው ነው። የቨርቹዋል ካርድ ቦታውም በትክክል እዚያ ጋ ነው።

ባንክን ማገናኘት ስለሚባለው ጉዳይም ብዙዎች ይጠይቁኛል። ፕራይቬሲ የባንክ ሂሳብን ከመተግበሪያዎች ጋር በሚያገናኘው በፕሌድ በኩል ወደ ባንካችሁ ገብታችሁ እንድትፈቅዱ ይጠይቃል፤ ለአንዳንድ ሰው ይህ ከስርቆት ለመዳን ሌላ በር መክፈት ይመስለዋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። እኔ ያደረግኩት ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቼኪንግ ሂሳብ በዚያው ባንክ ከፍቼ፣ ደመወዜ ከሚገባበት ሂሳብ ለይቼ፣ በየወሩ የማወጣውን ያህል ብቻ ማስገባት ነው። ወርኃዊ ክፍያ የሌለው ሂሳብ መምረጥ እንዳትረሱ። በተጨማሪም የኢሜይላችሁንና የመተግበሪያውን የይለፍ ቃል የተለያዩ አድርጉ፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ቁጥር የሚጠይቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫም አብሩ፤ ኢሜይላችሁ የተከፈተበት ሌባ ካርዶቻችሁን ሁሉ ከዚያ ሊደርስባቸው ይችላልና።

ቨርቹዋል ካርድ ምንም የማያደርግበት ስርቆት እንዳለ ያወቅኩት በአክስቴ ነው። እቴቴ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ባለፈው ጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ልጄ፣ ባንኩ ደውሎልኝ ነበር። ሰው ገንዘብሽን እየወሰደ ነው አሉኝ። ስልኩ ላይም የባንኩ ስም ነው የመጣው።»

«ምን ጠየቁዎት እቴቴ?»

«አሁን የተላከልሽን ስድስት ቁጥር ንገሪን፣ እናስቆመዋለን አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆይቶ ሳየው ግን መልእክቱ ላይ ለማንም አትስጪ ይላል።»

ሌባው የካርዳቸውን ቁጥር አስቀድሞ ነበረው፤ የጎደለው ካርዱን በራሱ ስልክ ላይ ለመጫን ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱንም ከራሳቸው አፍ ተቀበለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 600 ዶላር በስጦታ ካርድ ወጣ። ባንኩ መጀመሪያ ቁጥሩን ራስዎ ስለሰጡ አንመልስም አለ፤ ክፍያው ያለ ፈቃዳቸው መፈጸሙን ገልጸን በጽሑፍ ካመለከትን በኋላ ነው የተመለሰው፤ ያም ሰባት ሳምንት ወሰደ። ስልክ ላይ የሚታይ ስም በቀላሉ ሊመሳሰል እንደሚችል፣ እውነተኛ ባንክም ደውሎ የማረጋገጫ ቁጥር ንገሩኝ እንደማይል፣ ጥርጣሬ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችን መደወል እንዳለብን ያን ቀን አብረን ተነጋገርን። በዕድሜ የገፉ ወላጆችና ዘመዶች ያሏችሁ ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ቋንቋው የሚከብዳቸው እናቶቻችን «ባንክ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በአክብሮት መመለስ ልማዳቸው ነው፤ ሌባውም የሚጠቀምበት ይህንኑ አክብሮት ነው።

ከዚያ በኋላ የእሳቸውን የኦንላይን ግዢ በእኔ መተግበሪያ በኩል አድርገነዋል። ሁለት ካርዶች አሏቸው፤ አንዱ ለእህታቸው ጎንደር የስልክ ካርድ የሚልኩበት፣ በወር 40 ዶላር የታሠረ፤ ሌላው መድኃኒታቸውን የሚያዙበት፣ በወር 75። ቁጥሮቹን በትልልቅ አሃዝ ጽፌ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንዲያነሱት ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ሳስበው ሁለቱም ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከተቆለፉበት መደብር ውጭ የትም እንደማይሠሩ ትዝ አለኝና ተውኩት።